አንድ ጠብታ በመቶ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በሐረር አውቶብስ፣
በደንገጎ ቁልቁል፣ ድሬዳዋ ድረስ፣
ዘይቱን ትመጣለች፣ ሎሚ እየመጠጠች፣
«ለመኪና ማዞር መድኃኒት የለኝም፣ ወላሂ!» እያለች።

በእቅፏ አበባ ነው፣ ከሀኪም ጋራ ጥግ ጎህ ሳይቀድ የቆረጠችው፣
ብርቱካን ቀለሙ፣ በአንድ ዘንግ ላይ ሁሉ ደርብ በደርብ ያለው።
እኛ ሰፈር ሰዉ የፈረስ ዘንግ ይለዋል፤
እሷ በአገሯ ስም ጠርታልኝ ነበረ፤ ከአፌ ጠፍቷል።

እኔ ያን ጊዜ የከዚራው መድኃኒት ቤት ጠርሙስ አጣቢ ነኝ፣
አሥራ ሁለት ዓመት የሆነኝ፤
ጌታዬ ሙሴ ስታቭሮ፣ መነጽሩን በሲባጎ ያሰረ፣
አባቱ ከባቡሩ ሐዲድ ጋር መጥቶ፣ እዚሁ የቀረ።

«ቅጠሉ ተቀቅሎ ለሆድ ቁርጠት ነው፤ እንፋሎቱ ለሳል፤
ነፍሰ ጡር ግን አትቅመሰው፣ አደራ፤ ይከብዳል።
ከአበባው ሥር ያለችው ማር የልጆች ናት፤ ይምጠጧት፤ አትቆጡ።
ልኩ አንድ እፍኝ ነው።»
ከዚያ መዳፌን ታያለች፤
«የእኔ እፍኝ እንጂ፣ የአንተ አይደለም!» ትላለች።

ሙሴ ስታቭሮ አይቀቅልም፤ በአልኮል ይዘፈዝፋል፣
አርባ ቀን ሲሞላው፣ በሻሽ ያጠልላል፣
አንዲቱን ጠብታ ከዘጠና ዘጠኝ ጠብታ ውሃ ጋር ያጋባል፣
«ምታ!» ይለኛል።
ጠርሙሱን አንሥቼ፣ ቆዳ በለበሰው የሒሳብ መዝገብ ላይ፣
መቶ ጊዜ እመታለሁ። ከዚያች ደግሞ አንድ ጠብታ፣ ሌላ ውሃ ላይ፣
መቶ ጊዜ። ከዚያችም ደግሞ። እስኪመሽ፣
የማታው ባቡር እስኪያፏጭ፣ ክንዴ እስኪዝል፣ አበባው ከውሃው እስኪሸሽ።

ዘይቱን አንድ ቀን ጠርሙሱን በፀሐይ አየችው፣
አሸተተችው፣ ቀመሰችው፦
«ይሄ እኮ ውሃ ነው! አበባዬን የት አደረስከው?»
«ያስታውሰዋል» አላት፤ «ውሃ ይረሳል ያለሽ ማነው?»
«አይ ስታቭሮ! እኔ አበባውን በስሙኒ፣
አንተ ስሙን በሁለት ብር!»
ሻሿ እስኪወልቅ ሣቀች፤ እሱም ሣቀ፤ ማሳል እስኪጀምር።

ያ ሳል ግን አልቆመም። ክረምቱን ሙሉ፣ ሌሊት ሌሊት፣
ስኳር የመሰሉ እንክብሎቹን ከምላሱ ሥር እያሟሟ፣
ግድግዳ እየደገፈ ሲያነጋ ሰማሁት።
ማክሰኞ ዘይቱን መጣች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ጓዳ ገባች፣
በእፍኟ ለክታ ጣደች።
ጠጣ። መረረው። በግሪክኛ ተሳደበ። ጠጣ።
በሦስተኛው ማክሰኞ፣ ፂሙን ተላጭቶ ወጣ።

ያዳነው የእሷ እፍኝ ነው? የእሱ ጠብታ ነው?
ወይስ በየማክሰኞው አንድ ሰው በሩን መቆርቆሩ?
እኔ እንጃ፤ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ።
ያን ዕለት ግን ዘይቱን፣ ማንም አላየኝ ብላ፣
ከመደርደሪያው አንዲት ብልቃጥ በሻሿ ጫፍ ስትቋጥር አየኋት፤
«ለደንገጎ ነው፤ ለማዞሩ» አለችኝ፤
አቀርቅሬ መጥረጌን ቀጠልኩ።

መድኃኒት ቤቱ ሲወረስ፣ ስታቭሮ በባቡር ሄደ፤
ብልቃጦቹን በሣጥን ሞልቶ፣ ለእኔ ትቶ።
ብዙ ቆይቶ፣ በአንድ የነሐሴ ሌሊት፣ ደቻቱ ግንቡን ጥሶ
ቤቴ ገባ፤ ሣጥኑን ይዞት ወጣ።
ልጁን የተነጠቀ ጎረቤት እያለ፣
ስለ ብልቃጥ ማን ያወራል? ዝም አልኩ።

አሁን ሽማግሌ ነኝ። ደቻቱም ደረቅ ነው፤
በግ የሚነዱበት፣ ልጆች ኳስ የሚያለፉበት አሸዋ።
ሲመሻሽ እወርድና፣ መሐሉ ላይ ቆሜ፣
ዱላዬን አነሣለሁ፤ አሸዋውን እመታለሁ፤ እቆጥራለሁ።
ሰዎች «አረጀ» ይላሉ።
ዘጠና ስምንት። ዘጠና ዘጠኝ።
መቶ ላይ ጆሮዬን አዘነብላለሁ፤
እሷ የጠራችልኝ ስም
ዛሬም አልመጣልኝም።