አውራ ጣት

አርባ ዓመት ሙሉ መሮ ስጨብጥ ኖሬ
ይኸው በስልሳ አንድ ተማሪ ሆንኩ ዛሬ።
መምህሬ ቴክላ ናት፣ የእህቴ ልጅ፣ ገና
አሥራ ሰባት ዓመቷ። ከጎኔ ሆና
የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመች
"አጎቴ ኦቲያ፣ ማውሱን አንቀህ ገደልከው" አለች።
እውነቷን ነው፤ መዶሻ ለለመደ መዳፍ
ይህች የፕላስቲክ አይጥ ቀለለች እንደ ክንፍ።

ኩታይሲ ዝናብ ነው። ሪዮኒ ደፍርሶ
ከድልድዩ ሥር ያጓራል፤ ደጄ ላይ ውኃ ለብሶ
ስም የሚጠብቅ ጥቁር ድንጋይ ተገትሯል፤
በእኛ አገር ሟች ከስሙ ጋር መልኩንም ድንጋይ ላይ ይተዋል።
ድሮ ለዚሁ ሲባል ሰው ፎቶ ቤት ሄዶ
ክራባቱን አጥብቆ፣ ሳቁን ከፊቱ አስወግዶ
ይነሣ ነበር።
ዛሬ የሚያመጡልኝ ከስልክ የተቀዳ፦
ሟች ሰርግ ላይ ሲያሽካካ፣ አንድ የማይታወቅ እንግዳ
በባርኔጣው ግማሽ ጆሮውን ጋርዶት።
ድንጋይ ደግሞ ግማሽ ጆሮ አይወድም።
ስለዚህ ቴክላ ያንን ሶፍትዌር ጫነችልኝ፤
ትምህርት በግድ።

"ይህ ሌየር ነው" አለች፣ "እንደ መስተዋት አስበው፣
አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው።"
ደረብኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮ ስሠራ አመሸሁ፤
ለካስ ባዶው ላይ ነበር የለፋሁ።
በማግስቱ የሟቹን አንገት እንደ ዝይ አስረዘምኩ፣
የቄሱን ጢም ነቅዬ ከአማቲቱ አገጭ ተከልኩ።
ቴክላ የሱፍ ፍሬው ትን እስኪላት ሳቀች፤
ከዚያ ሁለት ቁልፍ አሳየችኝ፣ "ኮንትሮልና ዜድ" አለች፣
"ስትሳሳት ይመልስልሃል።"
"ምኑን?"
"ሁሉን።"

እጄን ከጠረጴዛው አነሣሁ።
መሮ የነከሰውን አይመልስም።
አንድ ጊዜ ሰባት ልጽፍ አንድ ጽፌ፣
ሰውየውን ስድስት ዓመት አስቀድሜ ቀጥፌ፣
ድንጋዩን ከኪሴ ከፈልኩ፤
በግንባሩ ደፍቼ ለደጄ መረገጫ አደረግኩ።
ሱቄን በየማለዳው የምከፍተው ስሕተቴን ረግጬ ነው።
እና ይቺ ልጅ "ሁሉን" ስትለኝ
የምለው ጠፋኝ።

በሳምንቱ ናዚብሮላ መጣች፣ ሐዘኗ ገና ትኩስ፣
መነጽሯን ረስታ፣ ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ እንዳይርስ።
የባሏ የጁምበር ፎቶ፤ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረው፣
ወንበር ላይ ዘንበል ብሎ፣ ሊስቅ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው።
ትከሻው ላይ እጅ አለች።
ባለእጇን ፎቶው ከክንዷ ቆርጦ አስቀርቷታል።
"የማን ናት?" አልኳት።
ስልኩን አራቀች፣ አቀረበች።
"እንጃ። አጥፋት" አለች።

ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ከኮቱ ክር እየቀዳሁ
ጣት በጣት ሸፈንኩ። ዙም አደረግሁ፣ ደግሞ አደረግሁ፣
ቆዳው ወደ ፒክስል፣ ፒክስሉ ወደ ጡብ እስኪለወጥ።
አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ አገኘሁ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጥ፤
እሱንም ሸፈንኩት። ጎበዝ ሆኛለሁ!
ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ከሩቅ አየሁ።
ጁምበር ወደ ምንም ዘንበል ብሏል፣
ሳቁ ምክንያቱን ይፈልጋል።

ቀብድ ልትከፍል መጥታ ላሪውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤
አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ስትቆጥር አየሁት። ጠባሳው
እዚያው ነበር።
ምን ልበላት? እጅሽን ራስሽ አላወቅሽም ይባላል?
"አለቀ?" አለችኝ።
"ነገ" አልኳት።

ማታ የላይኛውን ሌየር ደበቅሁ፤ እጇ ተመለሰች፣
ማንም እንዳላባረራት ትከሻው ላይ ተቀመጠች።
"ሴቭ ላድርገው?" አለች ቴክላ። "ተይው" አልኩ።
ጠዋት ዝናቡ አባራ። መሮዬን ሳልኩ።
ከዚህ ወዲያ ኮንትሮልም የለ፣ ዜድም የለ።
ከአውራ ጣቷ ጀመርኩ።