አንድ እርምጃ ትርፍ

ሜዳ አሰምራለሁ፣ ሱድበሪ ከተማ፣
ከኒኬል ማቅለጫው፣ ከጭስ መውጫው ማማ
ግርጌ፤ ዐለቱ ጠቁሮ፣ በረዶው ሲያቅማማ፣
«ልሂድ ወይስ ልቆይ» እያለ በግንቦት፣
ኖራዬን በጥብጬ ስለካ በትዕግሥት።

አሰልጣኟ አይኖ ነች፤ አይኖ ላህቲኔን።
አያቷ ከፊንላንድ የመጡ ለማዕድን።
ስሟን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሳቅሁ፤
በእኛ አፍ ዐይን ነው። ቆይቼ ነው ያወቅሁ
ስም አውጪው እንዳልተሳሳተ።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ላገሯ ተሰልፋ፣
ሁለት ቁጥር ለብሳ ቀኙን መስመር ዘጋች፤
ስድስትን ለብሳ መሐሉን ጠረገች፤
ዐሥራ አንድን ለብሳ በግራ በረረች፤
አንድ ማታ ደግሞ፣ ቅያሪ ባለቀበት፣
በረኛዋ በቀይ በወጣችበት፣
የሰው ጓንት አጥልቃ፣
መስመሩ ላይ ቆማ፣ ጉልበቷን ሰብቃ፣
ፍጹም ቅጣት ምቱን አወጣች በክርኗ፤
እስከ ዛሬ በብርድ ያማታል ያ ጎኗ።

«ሁለገብ» አሏት።
ደስ የሚል ቃል ነው፣ ለሚሰማው ሰው።
አንድ ቀን መረቡን አብረን ስንሰቅለው፣
መሰላሉን ይዛ፣ ወደ ላይ ሳታይ፣
«ሰው ሲጎድል» አለች፣ «ስሜን ይጠሩታል፤
ሰው ሲሟላ ደግሞ ወንበሬ ይሞቃል።»

የዋንጫው በጋ ላይ፣ ዝርዝሩ ሲወጣ፣
ሃያ ሦስት ስም ነበር፤ የእሷ ስም ታጣ።
«በየቦታው ካንቺ የምትሻል አለች»
ተባለች በስልክ። «እውነት ነው» አለች።
አባቷ፣ ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ የኖረ፣
መሰርሰሪያ የያዘ፣ ጋሪ የዘወረ፣
ድማሚት የቀበረ፣
«የእኔስ ቦታ የቱ ነው? ኒኬሉ ግን ወጣ»
ብሎ ሾርባ ሰጣት፤ ሌላ ቃል አላመጣ።

ባለፈው ማክሰኞ ማይሊስ አኮረፈች።
«አጥቂ አይደለሁም ወይ? ለምን ኋላ?» አለች።
ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ጥርሷ በሽቦ የታሰረ፣
ግንባሯ ገና ከአሁኑ የቋጠረ።
አይኖ አልመከረች፣ አልተቆጣች፤
ክንዷን ይዛ ወስዳ ከተከላካይ መስመር አቆመቻት።
«ከዚህ ሁኚና የአጥቂዋን ጀርባ እዪ፤
ትከሻዋ ሲወርድ መድከሟን ትለዪ፤
ያኔ ኳስ አትላኪላት።
እኔ ይህን ለማወቅ አራት ማሊያ ቀየርሁ።
አንቺ ግን አንድ ከሰዓት ይበቃሻል፣ ካየሽ።»
ልጅቱ ዝም አለች፤
ቆይታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ካልሲዋን ሳበች።

ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ በቁርጥራጭ መስመር፣
ለአሰልጣኝ የሚሰጥ አለ ትንሽ አጥር፤
ከዚያ መውጣት ክልክል።
ሜዳውን በሙሉ በእግሯ የለካች ሴት
እዚያች ውስጥ ትዞራለች፦
ስድስት እርምጃ ወዲያ፣
ስድስት እርምጃ ወዲህ፣
ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
ባካባቢው ሰው እንደሌለ አየሁና፣
ካስማዬን ነቀልሁ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አልሁ፤
አንድ እርምጃ ያህል ሳጥኗን አሰፋሁ።
(ደንቡን አውቀዋለሁ። እጄ ግን ቀደመኝ።)

ዳኛው አልለካውም። ፊሽካው ተነፋ።
እሷ ብቻ፣ ስትዞር፣ ከስድስተኛው ወዲያ
እግሯ ያልጠበቀው መሬት ሲያገኝ፣ ቆመች።
መስመሩን አየች።
ቀና ብላ እኔን አየች።
ከዚያ ወደ ሜዳው፣ እጇን እንደ ጡሩምባ አፏ ላይ አድርጋ፦
«ማይሊስ! ትከሻዋን!»