ስሙን ያላነበብኩት

ሰኞ ገበያ ላይ፣ በይመር ቪዲዮ ቤት፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ጨረቃን አለፍናት።
ዘምዘም ለአብራሪው፣ ለመንኮራኩሩ ጌታ፣
አረቡ ለሐኪሟ፣ ለሳቋ ተረታ፤
የኔ ግን ያ ነበር፣ የጎማ ፊት ለብሶ
በሁለት ቀዳዳ የሚያየኝ አልቅሶ።

ፊቱን አላየሁም። ስሙን እንኳ ላውቅ
ነጩ ፊደል ከታች ሽቅብ ሲል ስጠብቅ፣
ድርግም!
በየሳምንቱ። ይመር ይሳደባል፣
«መብራት ኃይል!» እያለ ሻማ ይፈልጋል።

እንዲያ ባንዱ ማታ፣ የጦሳ ጉም ወርዶ
መንገዱን፣ ጋሪውን፣ ሚናራውን ጋርዶ፣
ሰው መጣ ከጉሙ፣ በፎጣ ተጀቡኖ፣
ዓይኑ ብቻ የሚታይ፣ ጆንያው ጀርባው ላይ ሆኖ።

«ስምህ ማነው?» አልኩት። ቆመ። አየኝ። ዝም አለ፤
ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የሌለ መሰለ።