ኤክስን ፈልግ

መብራት ከሄደ ቆየ፤ የስልኬ ባትሪ አሥራ አንድ ፐርሰንት፣
ዱካሞ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋ፣ የቤት ሥራው አምስት።
«ኤክስን ፈልግ ይላል» አለኝ፣ የእርሳሱን ጫፍ ነክሶ፣
«እኔ ትናንት ሰባት አገኘሁ፣ ሁሉም ቀይ ለብሶ።»

ሳቅኩ። ከፈረቃ መግባቴ ነው፤ ጣቴ ላይ ክር አለ፣
ዓይኔን ስከድን ሺህ አንገትጌ ተንጠለጠለ።
ግን ስምንተኛ ድረስ ይህን ነገር እወደው ነበር፤
ሲፈታ ደስ ይላል፣ እንደተተበተበ ክር።

«ሁለት ኤክስ ሲደመር አምስት፣ እኩል ይሆናል አሥራ ሰባት።
እኩል ማለት ሚዛን ነው፤ አሞራ ገደል እንዳለችው ዓይነት፣
ግን ቆሮሶ ሻጩ በጣቱ የማይጫናት።
አምስቱን ወዲያ አሻግር። ሲሻገር ምልክቱ ይገለበጣል፣
ፕላስ ሆኖ የገባው ማይነስ ሆኖ ይወጣል።»

«ለምን?» አለኝ።

ለምን።
እኔን መምህሬ «ሕግ ነው» ብላ ነበር ያለፈችኝ።
ዱካሞን ሕግ አያስተኛውም። ቀስ ብዬ አሰብኩ።
«ከዚህ ጎን አምስት ስታነሳ ከዚያም አምስት አንሳ» አልኩ፣
«አለዚያ ሚዛኑ ያጋድላል።»

ይህን ስል፣ ጊዳቦ ድልድይ ላይ የቆመው አውቶቡስ ታወሰኝ፤
አለታ ወንዶን ለቅቄ ሀዋሳ የገባሁ ቀን
የእናቴን ቤት አንድ ሰው ጎደለው፣
ከወዲህ ጎንም ያው፣
ዘጠነኛ ክፍል ጎደለኝ።
ዱካሞን ዘንድሮ አመጣሁት፤
ሒሳቡን ገና አልሠራሁትም።

«አሥራ ሁለት ቀረ! ለሁለት ሲካፈል፣ ስድስት!»
ብሎ ሲጮህ ጎረቤታችን ግድግዳውን መታች፣ በእንቅልፍ ሰዓት።

ሁለተኛውን ሠራ። ሦስተኛውን አጠፋና ሠራ።
አራተኛውን እያዛጋ።
አምስተኛው ሦስት ማዕዘን ነው፦ አንዱ ጥጉ ዘጠና፣
ሌሎቹ ኤክስና ሁለት ኤክስ።
ስልኩ ሞተ፤ እሱም ክንዴ ላይ ተኛና

ብቻዬን ቀረሁ ከጥያቄው ጋር። ከሐይቁ በኩል እንቁራሪት።
ከኪሴ የፋብሪካ ቁራጭ ጨርቅ፣ የሸሚዝ ትርፍ፣ ወጣ በዳበሳ ብዛት።
ጥጉ ቀጥ ያለ ነው፣ ዘጠና፤
ለሁለቱ የሚደርሳቸውም ዘጠና።
ጥጉን ለሦስት እኩል አጠፍኩት፣
አንዱ እጥፋት ኤክስ፣ ሁለቱ ሁለት ኤክስ፤ በጥፍሬ አሰመርኩት።
ሠላሳ። ስድሳ።
ደብተሩ ውስጥ ከተትኩት።

ነገ መምህሩ «አሠራሩን አሳይ» ቢለው፣
ጨርቁን ያሳየው።