አራፍ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ፣ ባጃጁ እንደ ፌንጣ
በጉድጓድ ሲዘል ሲወርድ፣ ሻንጣዬ ሊወጣ፣
"አራፍ!" አልኩት ሹፌሩን፤ ከአፌ አመለጠኝ።
"እሺ፣ አርፋለሁ" አለ፤ ዞሮም ገላመጠኝ።
አላረፈም እንጂ፤ እጀታውን ጠምዝዞ
የሳሙና በርን ሰው በጡሩንባ አናውዞ
በረረ።

ቃሉ የሌላ አገር ነው። ከማራኪ ሄደን፣
ዘጠኝ ተማሪዎች፣ ጋቢና በሶ ወስደን፣
ሦስት ሳምንት ከረምን፣ ዝናብ አገሩ ዌልስ፣
ኮረብታው ለኮረብታ ደመናን የሚያወርስ።
(ደመላሽ ሾርባቸውን አንዴ ቀመሰና
"ይህ ውሃ ታሟል" አለን፣ በሶውን ፈታና።)

በየመታጠፊያው፣ አስፋልት ላይ ተጽፎ፣
አራት የላቲን ፊደል፣ ነጭ ሆኖ ተሰልፎ፣
"አራፍ" ይለን ነበር። ጥሩወርቅ አነበበች፤
"አረፍ በሉ ማለቱ ነው፤ ደግ አገር ናት" አለች።
ኔስታ፣ ሹፌራችን፣ ትርጉሙን ጠይቃ፣
መኪናዋን አቆመች፣ እንባ እስኪመጣት ስቃ።
"አራቭ ነው" አለችን፤ "'ፍ' 'ቭ' ሆኖ ነው የሚነበብ፤
ቀስ በል ማለት ነው፣ በዝግታ ተሳብ።"
ቆመን ነው የሰማናት። በጎች ከአጥሩ ማዶ
ያዩን ነበር፣ ጠጉራቸው ጭጋግ ተጎናጽፎ።

ግንብ አሳዩን ደግሞ።
ጎንደሬ በግንብ አይደነግጥም፤
"የኛም ሞልቷል" አለ እንየው፣ በስልኩ እያሳየ
የፋሲልን ሰገነት።
ኔስታ ፎቶውን አየች፤ ዞራም የነሱን አየች።
"ይህን የሠሩት የወረሩን ናቸው" አለች።
"ለኛ አይደለም፤ በኛ ላይ ነው የተሠራው።"
"ለ" እና "ላይ"።
እንየው ስልኩን ከተተ።
ቀና ባለው አንገቱ ዝናብ ወረደበት።

የኔስታ ቅድመ አያት ተማሪ ቤት ሳለ፣
በእናቱ ቋንቋ "ውሃ" ስላለ፣
አንገቱ ላይ እንጨት አንጠለጠሉበት፤
ሌላ አፉ የሳተ ልጅ እስኪገኝለት።
እንጨቱ ሲዞር ውሎ፣ ሲመሽ የተገኘበት
ዱላው የሱ ነው።
ዛሬ በዚያው ግቢ፣ በኳስ ተጣልተው፣
"የኔ ነው!" "የኔ ነው!" በዚያው ቋንቋ ጮኸው
ልጆች ሲሰዳደቡ ሰማን። ኔስታ ዝም አለች፤
ስድቡን ሳትተረጉም ፈገግ ብላ ቆመች።

ባጃጁ በር ላይ ጣለኝ።
አባቴ ያመጣሁለትን የሱፍ ሹራብ ለብሶ፣
በዚህ ሙቀት፣ ላለማስቀየም ብቻ፣ ላቡን እያበሰ
"እንዴት ነው አገራቸው?" አለኝ።
እኔ ግን ሌላ ጠየቅሁት፣ በቤታችን ተጠይቆ የማያውቅ፦
"ቅማንትኛ ስንት ቃል ቀረህ?"

ከጭልጋ ሲመጣ፣ በልጅነቱ፣ ሥራ ፍለጋ፣
ቋንቋውን እንደ በትር ከከተማው በር አስደግፎ
ነበር የገባው።
ለዛሬ ነው ያለው ያኔ።
"አንተ ደግሞ" አለኝ። ትንሽ ቆየ።
ከዚያ ትንሿን ጣቱን አጠፈ፤ አንድ።
ቀጥሎ ሁለት፤ ድምፁ የሌላ ሰው፣ የልጅ፣
ከብት ወደ በረት የሚቆጥር።
ሦስት። አራት። አምስት ላይ ቡጢው ተዘጋ።
ወደ ግራ እጁ ተሻገረ፤ ስድስት...
ስድስት...
"እናቴ ብትኖር" አለ። "ሰባትን እንኳ... ቆይ..."
ግንባሩ ረጠበ። ከሹራቡ ይሁን ከቃሉ አላውቅም።

"አራፍ" አልኩት።
ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም።
አረፈ፤ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ።
ስድስተኛው ጣቱ ግን
እንደቆመ ነው።