አፍ እስኪፈቱ

ኮምቦልቻ ወርጄ፣ እንድሪስ ሱቅ ገብቼ፣
ሁለት ጥንድ ስፒከር አፈራርቄ ሰምቼ፤
አንዱ አቆላመጠኝ፣ ጉድፌን ሸፈነ፣
ሌላው እንደ አጎቴ ፊት ለፊት ኮነነ።
ኮናኙን ገዛሁት።

የሁለት ሰው ከፍዬ፣ ካርቶኑን ታቅፌ፣
ደሴ ገባሁ በጉም፣ ሐረጎን አልፌ።
ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣
አፍ እስኪፈቱ ድረስ፣ ሳምንት፣ ከፍቼ ስወጣ፣
«ማንን አከራየህ?» አሉኝ እትዬ ሰዓዳ፣ በቁጣ።

በስምንተኛው ቀን የራሴን ቅጂ ሰማሁት፤
ቤዝ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ የኮራሁበት
ጉርምርምታ ለካ
ሲኖትራክ ነው፣ ከመስኮቴ ሥር ቁልቁለቱን በፍሬን ሲለካ።

«ቁረጠው» አሉኝ፣ አፍ ፈትተው፣ ሁለቱ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።
ሌላ መኪና አለፈ፤ ተንቀጠቀጠ ቤቱ።