ሃያ አንደኛው ቤት

ቆጣሪው በጠዋት መጣ፣ ታብሌቱን በብብቱ ይዞ፣
ከኢብራ እስከኛ መንደር አቧራ ለብሶ ተጉዞ።
"በቤቱ ስንት ሰው አለ? የወር ገቢያችሁስ ስንት?"
ባባ ሙሰለም ጺሙን ዳሰሰ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት፤
ጡረታውን ተናገረ፣ የቴምሩን ሽያጭ ዘለለ፣
የልጁን የሱር ደመወዝ "እሱ የራሱ ነው" አለ፣
የሚያከራየውን ሱቅ ረሳ፣
ፍየሎቹን ዘጠኝ አለ፤ ነበሩ ወደ ሠላሳ።
ሻይ ይዤ ስገባ አየኝ።
ዓይኑ "እንዳትስቂ" አለኝ።

"እሷስ?" አለ ቆጣሪው።
"ሠራተኛ ናት።"
በሰው ቁጥር አስገባኝ፣ ከገቢው ዓምድ አስወጣኝ።
ሰማንያ ሪያሌ፣ ስኒ ሳነሳ እንዳየሁት፣ ወጪ ከሚል ረድፍ ሰፍሯል፤
ከመብራት ዝቅ ብሏል፣ ከፍየል መኖ ግን ልቋል።

ፊደሉን ያስቆጠረችኝ ሸይኻ ናት፣ የቤቱ ታናሽ፣
ኒዝዋ ኮሌጅ ገብታ ቁጥር ስታጠና የምታመሽ።
አንድ ማታ የቴምር ፍሬ በሰሌን ላይ ደረደረች፣
ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ፤ እያንዳንዷን "ቤት ናት" አለች።
"አማካይ ያታልልሻል፤ አንድ ሼክ ከገባ መሀል
መንደሩ በሙሉ ባንድ ሌሊት የከበረ ይመስላል።
ይልቅ ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ እያነሳሽ ሂጂ፣
የቀረችው አንዲት ፍሬ፣ እሷ ናት፤ እሷን ያዢ።"

ባለቅኔ ቤት ይመታል፤ እኛ ቤት እንደረድር ነበር
በመግሪብ፣ ቆሻሻ ስንደፋ፣ ከገንዳው ዳር፤
እኔ፣ ሎሚናት፣ ጃቫዊቷ ሱርያቲ፦
የማን ሩዝ ከአርባ ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ወረደ፣
ማን ትልቁን ዓሣ ትቶ የደረቀ ሰርዲን ለመደ፣
የማን ኤሲ ሐምሌን ሙሉ አንድ ክፍል ብቻ አቀዘቀዘ፣
ማን ለልጁ ሠርግ ብሎ የሚስቱን ወርቅ አስያዘ።
ለቆጣሪ የሚዋሽ ሁሉ
ለገንዳ አይዋሽም።

አርባ አንድ ቤት ነው መንደሩ፤ ሃያ ከላይ፣ ሃያ ከታች፤
ስመጣ፣ መሀሉ ላይ፣ የሐምዳን የውሃ ቦቴ ነበረች።
ከዚያ ነዳጅ ረከሰ። የሙስካት ልጆች በየተራ
ፍራሽ ጭነው ገቡ፤ ምሳ የሚበላ እንጂ የለ የሚሠራ።
ሐምዳን ሰባት ፍሬ ወረደ፤ ቦቴዋን ሸጣት ለጎረቤት፤
የኡም ጁማ ልጅ ዱቅም ወደብ ተቀጠረ፤ ወጣች ከታች ቤት፣
መሀል ቆመች።
ራዲዮው ግን፦ "የገጠሩ መካከለኛ ገቢ
ካለፈው ጥናት ብዙም አልተለወጠም።"
እውነቱን ነው።
ወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤
የተቀመጠበት ግን ያው ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ አዛውንቱ ናስር ሞቱ። በራቸው ተቆለፈ።
አርባ ቀረ።
አንድ አንድ እያነሳሁ ስሄድ እጄ ላይ ሁለት ቀሩብኝ።
ሸይኻን ብጠይቃት ሳቀች፦ "መሀሉ በመሀላቸው ነዋ።"
የቀሩት የኡም ጁማ ቤትና የባባ ቤት ናቸው፤
በሁለቱ ግንብ መሀል አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ።
ገንዳው የቆመው እዚያ ነው።
እኛም።

ትናንት እናቴ ደወለች፤ ቀበሌም ቤት ለቤት ይመዘግባል አሉ።
"ገቢ?" ሲሏት "የለንም" አለች፣ እርዳታው እንዳይቀርባት፣ እንደ ሁሉ።
"እሺ፣ ቆርቆሮሽ ሲያብለጨልጭ ቢያዩስ?" አልኳት።
"ዛሬ ደመና ነው" አለችኝ።

ማታ ፍሬዎቹን ከሰሌኑ ለቀምኩ፣ ከድስት ጨመርኩ፤
ሐምዳንና ኡም ጁማ፣ ባባና ሟቹ ናስር አብረው ተንተከተኩ።
ፍየል የተቀቀለ ይወዳል።
ውሃ ጨመር አደረግሁ፤
የሚጠብቀኝ ሠላሳ አፍ ነው፣
ዘጠኝ አይደለም።